ጋሽ ብልጭታ አማቾቹን ምሳ ሲጋብዝ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ብልጭታ» የሚለው በያጅ፣ ብረት ከብረት ሲያጣብቅ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። በርና መስኮት ስጡት፤ የሚስተካከለው የለም። ወጥ ቤት ግን ለእሱ የሰው አገር ነበር። ሚስቱ በሕይወት ሳለች የሚገባው ውኃ ሊጠጣ ብቻ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ የምታበስልለት አንዲት ልጁ፣ ነርሷ ናት።

ልጅቱ ለማግባት ስትነሳ፣ የእጮኛዋ እናትና አባት እሁድ ለምሳ ይመጣሉ ተባለ። እሷ ደግሞ እስከ እኩለ ቀን ተረኛ ሆነች።

«አባዬ፣ የተሠራ ምግብ ገዝቼ ልምጣ?»

«የለም! ልጄን የምድረው እኔ፣ የማበላም እኔ» ብሎ ድርቅ አለ። ሩዝና ዓሣ ሊሠራ ቆረጠ።

እሁድ ጠዋት ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ለታላቅ እህቱ ደወለ። «ሩዙን ደጋግመህ እጠበው፤ አንዴ ከከደንከው አትንካው» አለችው። ጎረቤቱ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ይህን ሰምታ በመስኮት አንገቷን አሰገገች። «ኧረ አታጥበው! በዘይት ጠበስ አድርገህ እያማሰልክ አብስለው።» ማንንም ላለማስቀየም ግማሹን አጥቦ፣ ግማሹን ሳያጥብ ቀላቅሎ ጣደው። አንዴ ይከድናል፣ አንዴ ያማስላል።

ሽንኩርቱ ሲያስለቅሰው የብየዳ ጭንብሉን ከወርክሾፑ አመጣ። ሲያወርደው ጨለማ ሆነበት፤ ሲያነሳው እንባው ወረደ። እያወረደ እያነሳ፣ በዳበሳ ከትፎ ጨረሰ። በዚህ መሃል ሩዙ ውስጥ ጨው መጨመር አለመጨመሩ ጠፋበት። ጨመረ። ሲቀምሰው ፊቱ ተኮማተረ።

«የተላጠ ድንች ክተትበት፣ ጨውን ይመጥጥልሃል» አለች እህቱ ከስልኩ።

«ድንች ምን አባቱ ያውቃል? ውኃ ጨምርበት!» አለች የዳቦ ቤቷ።

ሁለቱንም አደረገ። ሩዙ እንደ ሙጫ ተያያዘ፤ ድንቹም እዚያው ተቀብሮ ተረሳ። ዓሣውን ግን ማንም ሳይመክረው ጠበሰው።

እንግዶቹ ከልጅቱ ጋር ደረሱ። አባትየው የከባድ መኪና ሹፌር፣ እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ልጅቱ ማታ የደረደረችው ሹካና ቢላ፣ የጨርቅ መሐረብም አለ። ጋሽ ብልጭታ በቤቱ ከማንኪያ በቀር ነክቶ አያውቅም። «እንግዶቹ እንዳደረጉት አደርጋለሁ» ብሎ ለራሱ መከረ። ችግሩ፣ እነሱም መንገድ ላይ የመከሩት «ባለቤቱ እንዳደረገ እናደርጋለን» ብለው ነበር።

ማንም አልጀመረም። ጋሽ ብልጭታ ላብ ሲያጠምቀው መሐረቡን አንስቶ አንገቱን ጠረገበትና ረስቶት እዚያው ተወው። ሹፌሩ ይህን አይቶ መሐረቡን አንገቱ ላይ አሰረ። ሚስቱም አሰረች። ጋሽ ብልጭታ ሁለቱን ሲያይ ደነገጠ። «ለካስ መታሰር አለበት!» ብሎ የራሱን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች።

ሩዙን ያወጣችው እሷ ናት። ያ ድንች ሙሉውን ዱብ ብሎ በእናትየው ሳህን ላይ አረፈ። ሴትዮዋ ቀና ብላ የሌሎቹን ሳህን አየች። ለሌላ ሰው አልደረሰም፤ ለእሷ ብቻ። የክብር ድርሻ መሰላት።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጎረሰች። ጨው ራሱ ነበር። ክብር ተብሎ የተሰጠ አይመለስምና ዋጠችው። ደግማ ጎረሰች፣ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

ጋሽ ብልጭታ እንባዋን አየ። ልጇን መዳሯ ነው ያስለቀሳት አለ በልቡ። «አይዞሽ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ። ያቺ እናቷ ይህን ቀን ብታይ...» ብሎ አለቀሰ። ሹፌሩ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ አማቹን ያያል። «ሰው ሞቷል እንዴ?» ብሎ እንዳይጠይቅ ፈራ።

«እማዬ፣ ውኃ» አለች ልጅቱ ለወደፊት አማቷ ብርጭቆውን እያቀበለቻት። ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

ሹፌሩ ጭንቁ ሲበዛበት ዓሣውን በሹካ ወጋው። ዓሣው ተንሸራቶ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ያኔ ሹካውን አስቀመጠ። «ወገኖቼ፣ አጥንት ያለው ነገር በጣት ነው። እጃችንን እንታጠብ?»

ታጠቡ፤ በሉም። ዓሣው ደህና ነበር። ሩዙን ግን ለጨዋነት ያህል ካልሆነ ማንም አልነካውም።

ሲሄዱ እናትየው የጋሽ ብልጭታን እጅ ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። በሩን ዘግቶ ልጁን «ወደዱን ወይስ ታዘቡን?» አላት። እሷ ሶፋው ላይ ተዘርግታ በሳቅ ተንፈራፈረች። ለምን እንደሳቀች ቢጠይቃት፣ ሳቋ ባሰ።

ሠርጉ በደስታ ሆነ። ልጅቱም ከአባቷ ቤት ወጣች። አሁን ጋሽ ብልጭታ ለራሱ ያበስላል። አንዳንድ ቀን ሩዙ ፍሬው ሳይጣበቅ ይወጣለታል፤ እንዴት እንደወጣለት ግን አያውቅም። ድስቱን ከፍቶ ቆሞ ያየዋል፤ ከዚያ ሳይበርድ ይበላዋል።