ወሲላ ከቀርቀና የወጣችበት ዓመት

ወሲላን ቀርቀና ደሴት ላይ የማያውቃት አልነበረም። የደሴቱን ግማሽ ሰው በእጇ ሰፍታዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንጠቆ መዳፉን የበሳው፣ ሞተር ጣቱን የቆረጠው፣ ሠርግ ላይ ተደባድቦ ጥርሱን በመሐረብ ይዞ የመጣው ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚወሰደው። የደሴቱ ትንሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንጂ ቀዶ ጥገና አልነበረውም። ሐኪሞች ይመጣሉ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ዝውውር ይጠይቃሉ። እሷ ግን በነርስነት ከተመረቀች ጀምሮ እዚያው ነበረች። ባሕሩን ተሻግራ ስፋክስ ከተማ ገብታ በቀዶ ጥገና ነርስነት እንድትሠለጥን ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ሁለቴም እምቢ ብላለች። ለምን ሲሏት "አባቴን ማን ያያቸዋል?" ትላለች።

እውነቱን ለመናገር አባቷ ሸድሊ ጠባቂ የሚፈልጉ ሰው አልነበሩም። እሷ ናት ከዚያ መለየት ያቃታት። አዳሯን ሠርታ ስትወጣ ጫማዋን በእጇ ትይዝና ጉልበት ድረስ በሚደርሰው ባሕር ውስጥ ወደ አባቷ ጀልባ በእግሯ ትሄዳለች። ወጥመዱን አብራቸው ታነሣለች። ከዚያ ጀልባው ላይ ተቀምጠው የገብስ ዳቦ ሃሪሳ በሚባለው የበርበሬ ድልህ ይበላሉ፤ ብዙም አያወሩም። ይህን የሚተካ ነገር በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ አይታያትም ነበር።

የሸድሊ ወጥመድ ከአያት የወረደ ነው። የዘንባባ ቅርንጫፍ በየዓመቱ ባሕሩ ወለል ላይ እንደ አጥር ይተከላል፤ ዓሣው አጥሩን ተከትሎ ሲሄድ ጫፉ ላይ ካለው ቅርጫት ውስጥ ራሱ ይገባል። የቀርቀና ሰው የባሕር ድርሻውን እንደ እርሻ ማሳ ድንበሩን ያውቃል። መንግሥት ከወደቀበት አብዮት ወዲህ ግን ከዋናው መሬት የሚመጡ መረብ ጎታች ጀልባዎች በዙ። ብረት በታሰረበት መረባቸው የባሕሩን ወለል እየፋቁ ሲያልፉ ሣሩንም፣ የዓሣውን ጫጩትም፣ አጥሩንም ነቅለው ይሄዳሉ። ከልካይ ጠፋ። ስለዚህ የደሴቱ ወጣቶች ጀልባቸው ውስጥ ከመረብ ጎን ድንጋይና ዱላ መጫን ጀመሩ።

ከእነሱ አንዱ የወሲላ ታናሽ ወንድም ናጂ ነው። ናጂ ቶሎ የሚስቅ፣ ቶሎ የሚነድ ልጅ ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ከአጎቱ ልጅ ከሞንሰፍ ጋር ሲወጣ አንድ ሰማያዊ ጀልባ የአባቱን አጥር እየጎተተ አገኘው። መጀመሪያ ስድብ ተወራወሩ፣ ከዚያ ድንጋይ። ናጂ አልበቃውም፤ የመረቡን ገመድ ሊቆርጥ ቢላ ይዞ ወደ ሰማያዊው ጀልባ ዘለለ። የጀልባው አለቃ ትልልቅ ዓሣ የሚያነሡበትን፣ ጫፉ የብረት መንጠቆ የሆነ ረጅም ዱላ አንሥቶ ጭኑ ላይ ሰካበት። ብረቱ ገባ። ሰውዬው ደንግጦ መልሶ ሲጎትተው ሥጋውን ተርትሮት ወጣ። ሞንሰፍ በመቅዘፊያው የአንዱን መንጋጋ ሰብሮ፣ ናጂን በአንገትጌው ጎትቶ ወደራሳቸው ጀልባ ጣለው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወሲላ ተረኛ ነበረች። ቁስሉ ብሽሽቱ ሥር ስለሆነ ከበላዩ የሚታሰርበት ቦታ አልነበረውም። ደሙ ከልብ ምቱ እኩል እየተፈናጠረ የግድግዳውን ኖራ ረጨው። ጓንት እንኳ ሳታጠልቅ ጡጫዋን ቁስሉ ውስጥ ከታ የደም ሥሩን ከአጥንቱ ጋር አጣበቀችው። ደሙ ቆመ። እጇን ስታላላ መልሶ ፈነዳ።

"እንግዲህ እንዲሁ ነው የምንሄደው" አለች።

በዚያው ሁኔታ፣ እሷ አልጋው ላይ ተንበርክካ፣ አልጋው ከነሁለቱ ወደ ስፋክስ በምትሻገረው መርከብ ላይ ተጫነ። ባሕሩ ያን ቀን ክፉ ነበር። መሻገሪያው ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ክንዷ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ነደደ፣ ቀጥሎ የራሷ አልመስል አላት። ሞንሰፍ ልተካሽ ቢላት እንዳትነካኝ አለችው። ማዕበሉ አስመልሷት የገዛ ትከሻዋ ላይ አስታወከች፤ እጇን ግን አላነሣችም። ናጂ ከንፈሩ እንደ ወረቀት ነጥቶ እግሬን እንዳይቆርጡት እያለ ይለምናት ነበር።

"ዝም በል" አለችው፣ "ስታወራ ደምህ ይመታል።"

ስፋክስ ሲደርሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ የፈለቀቁላት የቀዶ ጥገናው ክፍል ሰዎች ናቸው። ወደ ውስጥ አላስገቧትም። በበሩ መስተዋት አሻግራ፣ ዶክተር ናዚሃ የተባሉ አጭር ሴትዮ የወንድሟን የደም ሥር ጫፍና ጫፍ ፈልገው ሲቀጥሉት አየች። ከጎናቸው የቆመችው ነርስ ሳትጠየቅ እጇን ትዘረጋለች፤ መሣሪያው ሲፈለግ ደርሷል። ወሲላ በኋላ ለአባቷ ስትነግራቸው፣ ያኔ የተሰማኝ ደስታ አይደለም፣ ንዴት ነው አለች። ስንቱን ሰው እስከዚያ በር ድረስ አድርሳ ተመልሳለች።

በማግስቱ ዶክተር ናዚሃ ኮሪደር ላይ አገኟት።

"ሰው አስከሬን ነው የሚያመጣልኝ፤ አንቺ ሰው አመጣሽልኝ" አሏት። "እንደዚያ ጨክኖ መያዝን ለማንም ማስተማር አልችልም። የቀረውን አስተምርሻለሁ። ትመጫለሽ?"

ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠየቅ እመጣለሁ አለች።

ናጂ እያነከሰ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። እህቱ ያተረፈችው መሆኑን ያውቃል፤ መሄዷን ግን ሊቀበለው አልቻለም። ወራቱን ሙሉ አኮረፋት። መስከረም ላይ የምትሄድበት ቀን ደርሶ ወደቡ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኛት ሲሰበሰብ፣ የደረቀ ኦክቶፐስና የወይን ዘቢብ ሲያሸክማት፣ ናጂ ሰዉን ገፍቶ መጣ።

"እኛ እዚህ ደማችንን እናፈሳለን፣ አንቺ ባሕር ማዶ ላሉት ቁስል ልታጥቢ ትሄጂያለሽ" አላት።

"እግርህን የቀጠሉልህ እነሱ ናቸው።"

በጥፊ መታት። በሰው ሁሉ ፊት። ሻንጣዋን አንሥቶ ባሕር ውስጥ ወረወረው። ወሲላ አላለቀሰችም፤ ጡጫዋን ጨብጣ አፉ ላይ አሳረፈችበትና ከንፈሩን ተረተረችው። ሞንሰፍና ሌሎች መሐል ገብተው ያዟቸው። ሸድሊ ከነልብሳቸው ባሕር ገቡ፣ ሻንጣውን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ፣ ውሃው እየተንጠፈጠፈ መርከቧ ላይ አስቀመጡት።

"ሂጂ ልጄ" አሏት። "መርከቧ አትጠብቅሽም።"

በስፋክስ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዷት። ደሴቱ ላይ የሁሉ ሰው ሲስተር የነበረችው ሴት እዚህ ጀማሪ ሆነች። ዶክተር ናዚሃ ስትሳሳት ጣቷን በመቀስ ጀርባ ይመቷታል። ከፎቅ የተጣለ የግንባታ ሠራተኛ፣ በስለት የተወጋ ሹፌር፣ ባሏ ጥርሷን ያረገፈው ሙሽራ፤ ከተማው የሚያመጣው ጉዳት ማብቂያ የለውም። እሷ ግን ተማረች። የመጀመሪያውን ረጅም ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ስሕተት ቆማ ስትጨርስ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ብቻዋን ሳቀች።

በዚያው ሰሞን፣ አንድ ዓርብ፣ የተቃጠለ ሰው መጣ። ስሙ ለዝሃር ነው፤ የጀልባ ሞተረኛ ነው። ጓደኞቹ ጁምዓ ሊሰግዱ ሲሄዱ ትኩሳት ይዞት ጀልባው ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ጀልባው ላይ ቤንዚን አርከፍክፈው እሳት የለቀቁት ሰዎች መኖሩን አላዩም ይሆናል። የፊቱ ግማሽ፣ ደረቱና ሁለቱም እጆቹ ነደዋል። ወሲላ ቁስሉን ስታጥብ ቆዳው ከፋሻው ጋር ይነሣል፤ የሚሰጠው መድኃኒት እንኳ ጩኸቱን አያቆመውም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ማውራት ሲችል ነገራት። ጀልባው ሰማያዊ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲሮጡ አይቷል። አንዱ ያነክሳል።

ወሲላ ፋሻውን ጨረሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ግቢ ወጥታ ናጂ ጋ ደወለች።

"ሰው እንዳለበት አላወቅንም" አላት። አልካደም። "ሁሉም መስጊድ ናቸው ብለን ነው። ሞተ?"

"አልሞተም። በየቀኑ ይጮኻል፣ እኔ እሰማዋለሁ።"

ስልኩን እሱ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ለቀናት እንቅልፍ አጣች። ዝም ማለት ትችል ነበር፤ የሚያውቅባት የለም። ግን እሷ ስታጥበው ለዝሃር ዐይኑን ጨፍኖ እጁን ለእሷ ይሰጣታል፣ ሲስተር እያለ። ይህን እየተቀበሉ መዋሸት ስርቆት ሆነባት። አንድ ጠዋት ፋሻውን ከመፍታቷ በፊት የማን እህት መሆኗን ነገረችው።

ለዝሃር ዐይኑን ገለጠ። ከዚያ በሁለቱ የተሸፈኑ እጆቹ የማጠቢያውን የብረት ሳህን አንሥቶ ፊቷ ላይ ወረወረው። ቅንድቧ ተሰነጠቀ። እሱም የራሱ ቁስል ተተርትሮ ደማ፤ ሁለቱም እዚያው አልጋ ሥር ሲደሙ ነው ሰው የደረሰላቸው።

ዶክተር ናዚሃ ቅንድቧን እየሰፉ ሌላ ክፍል እንድትዛወር ነገሯት። አይሆንም አለች። በማግስቱ ሳህኑን ይዛ ገባች።

"ለምን ነገርሽኝ?" አላት።

"ከሌላ ሰው ብትሰማው፣ እጄ ቁስልህ ውስጥ እያለ ይሆን ነበር።"

ለዝሃር ወደ ግድግዳው ዞረ። ፊቱን ሳይመልስ እጁን ሰጣት። ያን ዕለትም እሷ ስታጥበው ጮኸ፤ ግን እጁን አላነሣም። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጠርቶ የናጂን ስም ተናገረ።

ናጂና ሞንሰፍ ተያዙ፣ ተፈረደባቸውም። ደሴቱ ላይ ወሬው ለየት ብሎ ነው የደረሰው፤ ወሲላ ለሥራዋ ብላ ወንድሟን አሳልፋ ሰጠች ተባለ። ለዒድ ስትሄድ እሷ የሰፋቻቸው ሰዎች ፊታቸውን አዞሩባት። የሞንሰፍ እናት መንገድ ላይ ይዘዋት ፀጉሯን ነጩ፤ ወሲላ እስኪደክማቸው ቆመችላቸው። ምሳ ላይ ኩስኩሱ እንደቀረበ ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ ገብቶ የአባቷን ሳህን ገለበጠው። ሸድሊ በሩን ከፍተው ደጅ ቆሙ።

"ሁለቱም ልጆቼ ናቸው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለመንገዱ። "ወርዋሪው ይምጣና ፊት ለፊት ያናግረኝ።" የመጣ የለም። መስተዋቱን ጠርገው ምሳቸውን ቀጠሉ።

ወሲላም ወደ ደሴቱ መሄዷን አልተወችም። በየበዓሉ ትሻገራለች፣ ሰላምታ የሚሰጣትንም የማይሰጣትንም ሰላም ትላለች። ሥራዋ ላይ ከፍ አለች፤ ዶክተር ናዚሃ ከባድ ቀዶ ጥገና ሲኖራቸው ከጎናቸው ሌላ ሰው እንዲቆም አይፈልጉም።

የናጂ እስር ቤት ስፋክስ ዳር ነበር። ከቤተሰቡ ቅርብ ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች በየሳምንቱ ምግብ ይዛለት ትሄዳለች። መጀመሪያ ምግቡን ተቀብሎ ፊቱን ያዞርባት ነበር። አንዴ እንዲያውም ሳህኑን ከመካከላቸው ባለው ሽቦ ላይ ደፋው፤ በሳምንቱ ሌላ ሳህን አመጣችለት። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ፣ ልትሄድ ስትነሣ፣ ጠራት።

"የዚያ ሰውዬ እጅ ይታጠፋል?"

"የቀኙ ሁለት ጣት። የግራው አይታጠፍም።"

"ታዲያ ሞተር እንዴት ይፈታል?"

"አይፈታም። የወንድሙ ሱቅ ይቀመጣል።"

ናጂ የገዛ ጣቶቹን ዘረጋቸው፣ ጨበጣቸው፣ መልሶ ዘረጋቸው። ጠባቂው ሰዓት ሞልቷል እያለ ሽቦውን ያንኳኳል። ወሲላ ባዶውን ሳህን አነሣች። ከሰዓት በኋላ ተረኛ ነበረች፤ መኪና ለገጨው አንድ ልጅ ቀዶ ጥገና ተጠርታ ስለነበር ታክሲ ፍለጋ በሩጫ ወጣች።