ሦስት ስም፣ አንድ ጠረጴዛ

ባለፈው ቅዳሜ ዴንቨር አጠገብ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ፣ አሮጌ ጌም የሚሸጥበት ሱቅ መስኮት ውስጥ፣ ወንድሜ ይሰበስባቸው ከነበሩት አንዱን፣ ጠርዙ የተላጠ የጌም ሳጥን አየሁ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ቆምኩ። ወንድሜ ያሬድ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ሳጥኑን ሳይ የመጣልኝ ግን ለቅሶው አይደለም። ያሸነፈበት ቀን ነው።

ያኔ ሁለታችንም ሃይስኩል ነበርን። ያሬድ በቪዲዮ ጌም መጀመሪያ ዘመን የነበረ፣ ኋላ የተዘጋ አንድ የጌም አሳታሚ ኩባንያ ይወድ ነበር። አሳታሚው ጌሞቹን የሚሸጠው በሦስት ስም ነው፤ ውዶቹን በአንዱ፣ ርካሾቹን በሌላው፣ የልጆች ማስተማሪያዎቹን በሦስተኛው። ያሬድ ከየሱቁ ለቀማቸው። ዴንቨር ውስጥ የአሮጌ ጌሞች ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ስብስቡን የሚያሳይበት ጠረጴዛ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት።

ጊዜው ጸደይ ነበር። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጨቅይቷል። እማዬ ቻምበርስ ሮድ ካለው ቤታችን ነድታ አደረሰችን፤ መኪናው ለምሳ በያዘችው ሳምቡሳ ታውዷል። ገና ደርድረን ሳንጨርስ አስተባባሪው መጡ፤ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ።

«ደንቡ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ አሳታሚ ነው። እዚህ ሦስት ኩባንያ አለ። ሁለቱን አንሱ።»

ያሬድ የሳጥኖቹን ጀርባ አሳያቸው። አድራሻው ሁሉም ላይ አንድ ነው።

«አንድ ሕንጻ ውስጥ ብዙ ኩባንያ ይኖራል» አሉት።

ያሬድ ሳጥኑን ወደ ቦታው መለሰ። ሽማግሌው እማዬ ደረት ላይ የተለጠፈውን ስም አነበቡ፤ የኛንም አነበቡ። «እናታቸው አይደሉም እንዴ? የቤተሰብ ስማችሁ ይለያያል» አሏት።

«እንዴ! ታዲያ ማን ወለዳቸው?» አለች እማዬ በአማርኛ። ጎነተለችኝ። «ንገራቸው እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ እናት ደግሞ ብታገባም የራሷን አባት ስም አትተውም። ቤታችን ግን አንድ ነው።

«እነዚህም እንደዚያው ናቸው!» አለ ያሬድ ዘሎ። «ስማቸውን ይተዉት፤ ማን እንደወለዳቸው ይዩ!» በድንጋጤ የረሳቸውን የመመሪያ ደብተሮች ከየሳጥኑ መዘዘ። የሁሉም የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የመብቱ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ያው አንዱ አሳታሚ ነው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከዚያ ሳቁ። «አንዱንም እንዳታነሳ!»

ከሰዓት በኋላ የምርጥ ጠረጴዛ ሽልማት ሪባን የኛው ላይ ተለጠፈ። እማዬ አዳራሹ መሐል እልል አለች።

«እማ፣ ፕሊስ!» አላት ያሬድ፤ ጥርሱ ግን አልከደን አለ።

አሁን እኔ እጅ የቀረውን ስብስቡን ከፋፍዬ እንድሸጥላቸው የሚደውሉ አሉ። ውዶቹን ብቻ ነው የሚፈልጉት። አይሆንም እላቸዋለሁ። ያሬድ አብረው እንዲታዩ ነው የተሟገተው። በመጪው ጸደይ እዚያው ኤግዚቢሽን ላይ ጠረጴዛ ይዣለሁ፤ ሁሉንም እደረድራለሁ። እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ጥያቄ ያለው ይምጣ።