ከግንቡ የቀረው ድንጋይ

በጀጎል አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ የፈረሰ ግንብ የሚጠግኑት ሽማግሌ፣ ትልቁን ድንጋይ በመዶሻ ሲመቱት ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ላይ ቅርንጫፉ የበዛ ጥቁር ቅጠል የመሰለ ነገር ታየ። መዶሻውን አስቀመጡ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ከቀደማቸው የቀረውም ግንብ ይናዳል።

የቤቱ ባለቤት ዋፋ ከደጃፏ ሆና፣ «ኧረ አባባ፣ ዝናቡ ደረሰ እኮ። ለማዕዘኑ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው» አለቻቸው።

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ አላስገባውም።»

እኔ በመንገዱ ሳልፍ ይህን አይቼ ቆምኩ፤ ሳይንስ አስተማሪ ነኝና ጠጋ ብዬ አየሁት። «በስንጥቅ የገባ ውሃ የተወው ዝገትም እንዲህ ቅጠል ይመስላል፤ የእውነት ቅጠልም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም» አልኳቸው።

ሁለት ጣት በጎደለው እጃቸው ምልክቱን ቀስ ብለው ዳሰሱት። ከዚያ የትከሻቸውን ፎጣ አውርደው ድንጋዩን ጠቀለሉበትና ከግንቡ ራቅ አድርገው አኖሩት። የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ።

«ድንጋይ ነው እኮ» አለች ዋፋ።

«ይሆናል» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩን። «ድሮ ከወንድሜ ጋር የምንሠራው ግንብ ተናደብን። ከሥሩ ድምፅ ሰማሁ። ድንጋይ ነው የተንከባለለው ብዬ ሄድኩ። ለካ ወንድሜ ነበር።»