የእሬቷ እናት ማን ናት?

በስደት በምኖርበት በትሮይቪል ሰፈር ግቢ የምጋራት ሴት የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ቴምቢሳ በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ አላት። እኔ አገር ቤት ሳለሁ ስለ ዕፅዋት አስተምር ነበር። ካቆምሁ ወዲህ በሰው ፊት ስለ ሙያዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ምክንያቱን እዚህ አልዘረዝርም።

በሰኔ ብርድ ከአጥሩ ሥር ያለች አንዲት እሬት ለመጀመሪያ ጊዜ አበበች። በግቢያችን ሁለት ዓይነት እሬት ነበረ፤ አንደኛው ባለ አንድ ግንድ፣ ረጅም፣ የአበባው ዘንጎች ወደ ጎን የተጋደሙ፤ ሌላው አጥሩን ተጠግቶ የበቀለ፣ ብዙ ግንድ ያለው ቁጥቋጦ፣ አበባው ቀጥ ብሎ የቆመ። የአዲሷ ዘንጎች ግን በተጋደመውና በቆመው መካከል ያዘነበሉ ነበሩ። ሦስት ሳምንት በማጉያ መስታወት መረመርኋት። ድቅል ናት፤ የሁለቱ ዓይነት ልጅ። የሰፈሩ አትክልት ወዳጆችም በቅዳሜ ስብሰባቸው እንዳስረዳቸው ሲጠይቁኝ፣ እኔው ራሴ በተገረምሁበት ድፍረት እሺ አልሁ። ብሳሳት ዳግመኛ አፌን እንደማልከፍት አውቅ ነበር።

ዓርብ ጎረቤቴ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲያዩዋት ሽማግሌ ሊልኩ ነው ብዬ ነበር።»

«ወላጆቿን እያጣራሁ ነው።»

«እንግዲያው ሰባት ቤት ይቁጠሩ!»

«ሁለቱ ይበቁኛል። አባቷ ያ ረጅሙ ነው፤ እናቷ ይህች ቁጥቋጦ።»

«በምን አወቁ?»

«ከቁጥቋጦዋ ሥር በቅላለች።»

ልብሱን ቅርጫት ውስጥ መልሳ ሳቀች። «ከረጅሙ ፍሬ ዘር አውጥቼ በጣሳ የዘራኋት እኔ ነኝ! ስታድግ ነው እዚያ የተከልኋት። እኛ አገር ለጋብቻ ዘር ሲጣራ መጀመሪያ ጎረቤት ይጠየቃል። እርስዎ እኔን ትተው መስታወት ይጠይቃሉ?»

ፍሬውን ያፈራው እናት ነው፤ የድቅል ስም ሲጻፍም የምትቀድመው እናት ናት። እኔ ለቅዳሜ ባዘጋጀሁት ወረቀት ገልብጬ ጽፌዋለሁ።

«ነገ አልሄድም። ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ» አልኋት።

«እሑድ ጸሎት ቤት ስለዚህ ውሸት ልጸልይልዎት?»

በማግስቱ ግን ሄድሁ፤ እሷም ተከተለችኝ። «ሁለቱን ወላጆች እኔ ለየሁ» ብዬ ጀመርሁ፤ «እናቷንና አባቷን ግን አምታትቼ ነበር፤ ያረመችኝ ኋላ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ናት።» ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ለእሷ ሆነ፤ እኔ አልፎ አልፎ የአበባ ዱቄት ነገር ጣል አደርግ ነበር።

በመጨረሻ ሰብሳቢዋ በሚቀጥለው ወር እመለስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት ከኋላ በእንግሊዝኛ፣ «ሹር! ይመጣል» ተባለልኝ።

አላረምኋትም።