አውራ ጣቴና የአቶ ሐጎስ ማጠንጠኛ

ባለፈው ሰሞን እኔና ባለቤቴ ለምለም መታወቂያ ለማውጣት ወረዳ ሄደን ነበር። ወረፋው ረዘም ያለ ቢሆንም አግዳሚ ወንበር ስለነበረ አልተማረርንም። ተራዬ ደርሶ ጣቶቼን የአሻራ ማንሻው መስታወት ላይ ሳሳርፍ ዘጠኙ ያለ ችግር አለፉ። የቀኝ አውራ ጣቴ ግን እምቢ አለ። መዝጋቢዋ ወጣት ጣቴን በሶፍት ጠረገችልኝና ደገምነው፤ አሁንም ቀይ መብራት። ጎንበስ ብላ አየችውና፣ "አባባ፣ እዚህ ጋ ጠባሳ አለ። ምን ሆነው ነው?" አለችኝ።

"ዓሣ ሳጠምድ" አልኳት።

ቀና ብላ ኮቴንና ከዘራዬን አየች። አላመነችኝም። አልፈርድባትም፤ ካዛንቺስ ውስጥ ተወልዶ ካዛንቺስ ውስጥ ላረጀ ሰው ዓሣ ማጥመድ ምኑ ነው?

ነገሩ የሆነው በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ካዛንቺስ ካለ አንድ የንድፍ ቢሮ ረዳት ነዳፊ ሆኜ እሠራ ነበር፤ ለምለም የዚያው ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ከተዋደድን ዓመት አልፎናል፤ የቀረን ሽማግሌ መላክ ነው። እሱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። አባቷ አቶ ሐጎስ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ከእኔ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን "ልጁን አላውቀውም" ብለው ሸኝተዋቸዋል። እኔም እንዲሁ ከተሸኘሁ ለምለም ያለ አባቷ ፈቃድ እንደማታገባኝ በግልጽ ነግራኛለች።

ስለዚህ ይወቁኝ ተብሎ፣ የሚተየብ ወረቀት ላደርስላት በሚል ሰበብ፣ አንድ እሁድ ኡራኤል አካባቢ ካለው ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ተሰቅሏል። ዘንጉን ትኩር ብዬ ሳየው አቶ ሐጎስ፣ "ታጠምዳለህ እንዴ?" አሉኝ።

"እንዴታ!" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ሲቀርብልኝ ብቻ ነበር። የእሳቸው ፊት ግን በራ። "እንግዲያው የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ደብረ ዘይት አብረን እንወርዳለን" አሉ። "እኔ ሰውን ውሃ ዳር ሳላየው አላወቅሁትም።" ለምለም በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ግን ዘግይታለች።

በማግስቱ ከሥራ ስንወጣ የአባቷን አሮጌ የማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ ዘንቢል ውስጥ ደብቃ አመጣችልኝ። መሐሉ ላይ ናይለን የተጠቀለለበት ትንሽ የብረት ከበሮ አለው። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ከበሮው ይለቀቃል፤ ዘንጉን ሲወረውሩ መንጠቆው ናይለኑን እየተረተረ ይሄዳል። መኪና ቢሆን ፍሬን ይኖረው ነበር። የዚህ ፍሬን የሰው አውራ ጣት ነው።

የተከራየሁባት ግቢ ጠባብ ነበረች፤ ዙሪያዋን በቆርቆሮ የታጠረች። ለምለም ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር ስታጠምድ ስላደገች እጇ አይሳሳትም። ማጠንጠኛውን ከሸምበቆ በትር ጋር አሰረችው። በመንጠቆው ፈንታ ከጋራዥ ደጃፍ ያነሳሁትን ትልቅ የብሎን ዳዶ፣ ክሩን ሰባት ጊዜ ጠምዝዛ አሰረችልኝ። መጀመሪያ ስወረውር ከበሮውን በአውራ ጣቴ ተጭኜው ኖሮ ዳዶው ጫማዬ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ ጭራሽ ለቀቅሁት። ዳዶው የአከራዬን ጣሪያ ሲመታ ከበሮው አልቆም ብሎ ክሩ በላዩ ላይ ተዘረገፈ።

"ደግሞ ምን ወረደብን!" እያሉ አከራዬ እትዬ ዘውዴ ብቅ አሉ።

ለምለም ሳቋ መጣ። "አፍሮ አበቀልክ" አለችኝ። እነሱ ቤት የተወሳሰበ ክር ስሙ አፍሮ ነው።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ጣትህን አትጫነው፤ ግን ደግሞ አታንሳው። ማለቴ፣ አሳርፈው ብቻ። የተኛ ሕፃን ግንባር እንደምትነካው።"

"ሕፃን የት አለኝና?"

"እሱም የሚመጣው በቃ ይሄን ስትችል ነው!"

የጥቅምት ብርድ ጣት የሚያደነዝዝ ቢሆንም በየምሽቱ ከጎረቤት የሽሮ ሽታ እየመጣብኝ ስወረውር ቆየሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዳዶውን ከግቢው ጥግ ካለ ባልዲ ውስጥ መጣል ቻልኩ። ቋጠሮውንም ተማርኩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ አብጦ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከለገሃር በባቡር ተነሳን። አቶ ሐጎስ የጣቢያውን ሰው ሁሉ እንደ ቤተሰባቸው ሰላም እያሉ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ከአቃቂ በኋላ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ዱከም ላይ ቆሎ ገዙና እፍኜን ሞሉልኝ። እስክንደርስ ድረስ ስለ ሥራዬም ስለ ዘመዶቼም አልጠየቁኝም።

ደብረ ዘይት ወርደን ሐይቁ ዳር በዳቦና በቃሪያ ቁርስ በላን፤ ሻይ ከፔርሙዝ ጠጣን። ግድግዳ ላይ ያየሁትን ዘንግ ለእኔ ሰጡኝ። ክሩን ሰባት ጊዜ ጠምዝዤ መንጠቆውን አሰርኩ፤ ትል ሰካሁበት። ያልተማርኩት አንድ ነገር ነበር። ግቢያችን ታጥራ ንፋስ አታውቅም፤ ዳዶው ደግሞ ከባድ ነው። እዚህ ንፋሱ ከፊት ለፊት ይመጣል፤ ትሏ እንደ ላባ ቀላል ናት። እንዲታይልኝ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩና አውራ ጣቴን አነሳሁ። ንፋሱ ትሏን አየር ላይ ሲያስቀራት ከበሮው መሽከርከሩን ቀጠለ። ደንግጬ ጣቴን ስጫንበት ናይለኑ ሥጋዬን ሰነጠቀው።

አቶ ሐጎስ እጄን ውሃ ውስጥ ነክረው በመሐረባቸው አሰሩልኝ። ከዚያ የተወሳሰበውን ክር ጭናቸው ላይ አድርገው መፍታት ጀመሩ። በንፋሱ ማመካኘት እችል ነበር። ግን የእሳቸው ጣቶች አንዱን ክር ከሌላው በትዕግሥት ሲለዩ ሳይ አፈርኩ።

"ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አልኩ። "ከሁለት ሳምንት በፊት ማጠንጠኛ በእጄ ነክቼ አላውቅም።"

አሁንም ክሩን እየፈቱ፣ "ማን አስተማረህ?" አሉ።

ለምለምን ማስነቀፍ አልፈለግሁምና ዓይኔን ወደ ውሃው መለስኩ። መንጠቆውን ወደ ብርሃኑ አነሱት። "ይሄን ቋጠሮ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያስተማርኩት። ለጓለይ።" ልጄ ማለታቸው ነው፤ በትግርኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠሯት። ከዚያ ወደ ክሩ ተመለሱ። እኔ በልቤ ሠርጌን ሰረዝኩ።

ክሩ ተፈትቶ ሲያልቅ ዘንጉን መልሰው ሰጡኝ። "ሽማግሌዎችህን በኅዳር ላካቸው" አሉ። "ማጠንጠኛዬንም ይዘው ይምጡ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቦታው ባዶ ሆኗል።"

ያን ቀን ዓሣ አልያዝንም። ኅዳር ላይ ግን ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ለምን እንደያዙት ያልገባቸውን ከባድ ፌስታል አንጠልጥለው፣ ኡራኤል ገቡ። በጥር ተጋባን።

መዝጋቢዋ ለሦስተኛ ጊዜ ጣቴን መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና፣ "አባባ፣ ስለሚጫኑት ነው" አለችኝ። "አይጫኑት፤ ግን ደግሞ አያንሱት። ያሳርፉት ብቻ።"

አግዳሚው ላይ የነበረችው ለምለም ሳቋ አመለጣት፤ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ ግን ልቤ ተነካ። ልጆቼን ሳሳድግም፣ ሰው ሳስተዳድርም ያጠፋሁት አብዛኛው ጥፋት ወይ ስጫን ነው፣ ወይ ጨርሶ ስለቅ። አቶ ሐጎስ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ዘወር ብዬ ያየሁት ለምለምን ነው፤ እንዲያዩልኝ የፈለግሁት ግን እሳቸው ነበሩ።