ሚዛኑ ላይ ያስቀረሁት አደራ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስድስት ዓመት ውጬው ኖርኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በጽሑፌ አትፍረዱብኝ። በሠራሁት ፍረዱ።

ቤይሩት እኔና ጓደኛዬ ከድጃ ፊት ለፊት ባሉ ቤቶች ነበር በቤት ሠራተኝነት የምንሠራው። ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። እሑድ ዕረፍቴ ነው፤ እኔ ግን ወገቤ እየተቆረጠ ሱቅ እሄዳለሁ። ለምን አልተኛም ነበር? ሱቅ ውስጥ «ማዳም፣ ምን ልታዘዝ?» ይሉኛላ! አሠሪዬን የምጠራበትን ስም ለእኔ! ስለዚህ ገዛሁ። ሽቶ ገዛሁ፣ ብርድ ልብስ ገዛሁ፣ ለእግሬ የማይሆን ጫማ ገዛሁ። ሳልከፍተው ሌላ ያምረኛል።

ወደ አገሬ ስመለስ ከድጃ ፌስታል ሰጠችኝ። ለልጇ ለሀያት ሮዝ ጫማና በእጇ የሰፋችው አሻንጉሊት ነበረበት።

«አደራ እህቴ፣ እናቴ ረሳችኝ እንዳትል።»

ኤርፖርት ሚዛን ላይ ሻንጣዬ ከበደ፤ ቀንሺ ተባልኩ። ሦስት ብርድ ልብስ ነበረኝ። አንዱን ባወጣ ይበቃ ነበር። ይበቃ ነበር! እኔ ግን የከድጃን ፌስታል አወጣሁ። እኔ፣ በዚህ እጄ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ጣልኩት።

ቦሌ ስደርስ ሀያት ከአያቷ ጋር በር ላይ ቆማለች። የስምንት ዓመት ልጅ። «የኔስ?» አለችኝ። «ምንም አልሰጠችኝም» አልኳት። ለከድጃ ደግሞ ደውዬ «በእጇ ሰጠሁልሽ» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ የእናቷን ስልክ አላነሳ አለች። አያቷም ልጃቸው ከድጃ እንዳይከፋት፣ ሀያት ለምን እንደተቀየመች አልነገሯትም።

«ጫማው ጠቧት ይሆን የተቀየመችኝ?» ትለኛለች ከድጃ። ስድስት ዓመት ሙሉ!

ድካሙ ነው፣ ስደቱ ነው የምትሉኝ ተዉኝ። ከድጃስ አልደከማትም? ደክሟት ነው አሻንጉሊት የሰፋችው። የኔ ብርድ ልብሶች ዛሬም ገርጂ፣ አልጋዬ ሥር፣ ከነላስቲካቸው ናቸው።

ቅዳሜ ከድጃ ከቤይሩት ትመጣለች። ፈርቻለሁ። የገዛ ልጄ ይህን ሰምታ በምን ዓይን ታየኛለች? ቢሆንም ነገ ወሎ ሰፈር፣ አያቷ ቤት ሄጄ ለሀያት እነግራታለሁ። ብትተፋብኝም ትትፋ፤ ብቻ ቅዳሜ እናቷን ትቀበል። ይቅር በዪኝ አልላትም።

ትናንት ጫማ ልገዛላት ኦሎምፒያ አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። የእግሯን ቁጥር እንኳ አላውቅም። ሻጯ ፈገግ ብላ «ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?» አለችኝ።

ጥያት ወጣሁ። ባዶ እጄን ነው የምሄደው።