ቡሌ ላይ የተዋወቅኳቸው አውሬ ጠሪዎች

እሁድ ረፋድ ላይ ነው... ከዲላ በላይ ደጋው ላይ፣ ቡሌ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ፣ እፍኝ ንፍሮ ይዤ ተቀምጫለሁ። የሞተው በቀለ ይባላል፤ የሥራ ባልደረባዬ የአጎት ልጅ ነው። እኔ በሕይወት እያለ አላውቀውም። ግን ዲላ ስትኖር የባልደረባህ ለቅሶ ያንተም ለቅሶ ነው። ከቀረህ ዓመት ሙሉ ፊት ይነሱሃል።

መኪናችን ጭቃ ይዞት የመጨረሻውን መንገድ በእግር ስለወጣነው የጫማዬ ነገር አይነሳ። ባልደረባዬ ከዘመዶቹ ጋር ሲላቀስ እኔ ባዶ ቦታ ፈልጌ ከሦስት ሰዎች ጎን ተቀመጥኩ። አንደኛው ወፍራም ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለት ዓይነት ሰው።

«እኛ የሟች ጓደኞች ነን» አለኝ። «አውሬ ጠሪዎች ነን።»

«አውሬ... ጠሪ?»

«አዎ። ጅብ፣ ቀበሮ። በጋችንን ሲጨርሱብን እንጠራቸዋለን። ይመጣሉ። ከዚያ እንገድላለን።»

ከጎኑ ያለው ቀጭኑም ገባበት። እሱ የሚችለው የዶሮ ጩኸት ነው፤ ቀበሮ በዶሮ ነው የምትመጣው አለኝ። ወፍራሙ ደግሞ የጠቦት ድምፅ ይችላል። ነፋሱ ከየት በኩል መሆን እንዳለበት፣ እንሰቱ ውስጥ እንዴት እንደሚደበቁ፣ ትንሽ ጮኸው ብዙ ዝም እንደሚሉ... ለቅሶ ላይ መሆናቸውን ረስተው ነገሩኝ።

«አብዝተህ ከጮህክ ጅብ ይነቃብሃል» አለ ቀጭኑ። «የተጎዳ ጠቦት አቅም የለውም። ትንሽ ነው የሚያለቅሰው።»

«ሚስቶቻችን ይቆጡናል፣ ልጆቻችን ይስቁብናል» አለ ወፍራሙ። «ግን ጠርተህ... ጠብቀህ... ቅጠሉ ንቅንቅ ሲል! ያቺን ሰዓት የቀመሰ ሰው ቤቱ አይቀመጥም።»

እውነት እላችኋለሁ፣ ሰው ስለ ሙሽሪት ሚስቱ እንኳ እንዲህ አያወራም።

ሦስተኛው ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ መሬት መሬት ያያል።

«እሱ ወራሳ ነው» አለኝ ወፍራሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የበቀለ ታናሽ ወንድም። ሁላችንንም ያስተማረን እሱ ነው። የፍየል ግልገል ሆኖ ሲጮህ እናት ፍየል ራሷ ታምነዋለች።»

ከዚያ አሟሟቱን ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ሊመሽ ሲል ሁለቱ ወንድማማቾች ጅብ ሊጠሩ ወጡ። ሁሌም እንደሚያደርጉት ወራሳ እንሰቱ ውስጥ ተደብቆ ይጮሃል፣ በቀለ ጦሩን ይዞ ፊት ለፊት ይጠብቃል። የመጣው ግን ጅብ አልነበረም... ነብር ነው። ከኋላ መጥቶ በቀለን አንገቱን ያዘው። ወደ ዲላ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ሲያወርዱት መንገድ ላይ አረፈ።

«ጠሪ የሚመጣውን አይመርጥም» አለ ቀጭኑ።

ለካ ድንኳኑ ውስጥ ሌላም ወሬ አለ። ከኋላዬ የተቀመጡት ስለ ወራሳ ያንሾካሽካሉ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ አንዴ እንኳ ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰም። እዚህ አገር ደግሞ ወንድሙን በዝምታ የሚቀብር ሰው አይታመንም። አንዱ «መሬቱ ለብቻው ሆነለት፣ ምን ያስለቅሰዋል?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ወራሳም ሰምቷል። ጋቢውን ይበልጥ ወደ አፉ ሲስበው አየሁ።

ይሄኔ ከገደብ ከተማ የመጡ ሽማግሌ አጎታቸው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። አልቅሰው ሲያበቁ መጥተው ወራሳ ፊት ቆሙ።

«አንተ... የአንድ እናት ልጆች አይደላችሁም? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስጮህ አንተ ዝም?»

«አባባ፣ ይተዉት። አይችልም» አለ ወፍራሙ።

«ለወንድሙ ማልቀስ ነው የማይችለው? እንግዲያውስ ሰው የሚያወራው እውነት ነው።»

ወራሳ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። እንባው ለካ ከጋቢው ሥር አገጩ ድረስ ወርዷል። አፉን ከፈተ...

የወጣው የፍየል ግልገል ጩኸት ነው።

እየቀለደ አይደለም። ሰውዬው እያለቀሰ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ጉሮሮውን ለዚያ ድምፅ ሲያስለምድ ኖሮ፣ ሐዘኑም መውጫ ያገኘው በዚያው ነው። ነብሩን በጠራበት ድምፅ። ከጓሮ የታሰረች ፍየል መለሰችለት። ይሄኔ በር ላይ የቆሙ ወጣቶች ሳቃቸው አመለጣቸው። ወራሳ ሳቁን ሰማ፤ ግን አንዴ ጀምሮት ማቆም አልቻለም።

የወንድማማቾቹ እናት ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ሁላችንም ይረግሙታል ብለን ጠበቅን፤ ያ ድምፅ አይደል ልጃቸውን ያስበላባቸው። እሳቸው ግን ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት፤ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ምን ተቀምጣችሁ ትሰሙታላችሁ? አልቅሱ እንጂ።»

ራሳቸው ጀመሩ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። አጎትየው፣ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ... በቀለን አይቼው የማላውቀው እኔም ጮህኩ። ወራሳ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር እናትየው ድምፃቸውን ይጨምራሉ፣ እኛም እንጨምራለን። ትንሽ ቆይቶ አፉ ሲከፈት ይታያል እንጂ ድምፁ በእኛ ጩኸት ተውጦ አይሰማም ነበር።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ለቅሶ ቤት የሚጮኸው ለሟች ይመስለኝ ነበር።